ነጭ ስለሆነ ብቻ የሥጋ ዶሮ አይሆንም

ከጫጫ አካባቢ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

«ጡረታዬን የምደጉምበት ነገር ስፈልግ ቆይቼ፣ ከእቁብ በደረሰኝ ገንዘብ በቅበላ ሳምንት 40 ጫጩቶች ገዛሁ። በመኪና ጭኖ ያመጣቸው ወጣት የሥጋ ዶሮ መሆናቸውን፣ ሦስት ሳምንት እንደሞላቸውና ለፋሲካ ሦስት ሦስት ኪሎ እንደሚመዝኑ ነገረኝ። ሦስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ብርድ መትቷቸው ሞቱ። ከቀሩት 37 ውስጥ 22ቱ ነጭ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ቀላ ያለ ላባ አለባቸው። 11ዱ ቀይ ናቸው። አራቱ ደግሞ ገብስማ ይመስላሉ። አሁን ደብረ ዘይት ላይ ደርሰናል፤ የልጅ ልጄ በሱቅ ሚዛን ሲመዝናቸው ነጮቹ ከ600 እስከ 650 ግራም ሆኑ። ከቀዮቹ አንድ ኪሎ ያለፉ አሉ። የሥጋ ዶሮ መኖ በውድ ዋጋ እየገዛሁ ነው። ጎረቤቴ በሽታ ይሆናል፣ የእድገት መድኃኒት ስጪያቸው ትለኛለች። ዝርያቸው ምንድን ነው? ለፋሲካ ይደርሱልኛል? ጥፋቱ የእኔ አያያዝ ነው ወይስ ተታልዬ ነው?»

የተከበሩ እናቴ፣

ፋሲካ አራት ሳምንት ስለቀረው መልሱን አላዘገይብዎትም። ሃያ ሁለቱ ነጮች የሥጋ ዶሮዎች አይደሉም። እንቁላል እንዲጥል ተዳቅሎ የተገኘ ዝርያ ወንዶች ናቸው። ከደብዳቤው ጋር በላኩልኝ ሁለት ፎቶዎች ላይ እንደማየው ደግሞ አንዳቸውም የታመሙ አይመስሉም። በሰባት ሳምንታቸው 650 ግራም መመዘናቸው ለዝርያቸው ጤናማ እድገት ነው። ስለዚህ ያጠፉት ነገር የለም። የተሸጠልዎት ነገርና የተነገረዎት ስም ግን አይገናኙም።

ይህን በምን አወቅሁ? የመጀመሪያው ምልክት ያ እርስዎ በጥንቃቄ ያስተዋሉት የትከሻ ላባ ነው። በአገራችን እርባታዎች በብዛት ከሚገኙት እንቁላል ጣዮች ውስጥ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ይጠቀሳሉ። በስማቸው ውስጥ ያለው «ብራውን» ቡናማ ማለት ነው፤ ቡናማ ሆነው የሚያድጉት ግን ሴቶቹ ብቻ ናቸው። አባትየው ቀይ፣ እናትየዋ ነጭ ከሆነች ዘር ተመርጠው ስለሚዳቀሉ፣ ሴቶቹ ጫጩቶች የአባታቸውን ቀይ፣ ወንዶቹ የእናታቸውን ነጭ ይዘው ይፈለፈላሉ። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። ጫጩቱ ከቅርፊቱ በወጣ ቀን ጾታው በቀለሙ ይለያል፤ ሴቶቹ ለእንቁላል አርቢዎች ይሸጣሉ። ወንዶቹ ሲያድጉ ነጭ ላባቸው ላይ፣ በተለይ በትከሻና በጀርባ በኩል፣ ቀላ ያለ ወይም ወርቃማ ቀለም ጣል ጣል ይልባቸዋል። የእርስዎ ነጮች ልክ እንደዚያ ናቸው።

እነዚህ ወንዶች ለአስፈልፋዩ ሸክም ናቸው። እንቁላል አይጥሉም፣ ሥጋም ቶሎ አይሞሉም። በብዙ አገሮች በተፈለፈሉበት ቀን ይወገዳሉ። እኛ ጋ በርካሽ ሊሸጡ ይችላሉ፤ በመሸጣቸው ቅር አይለኝም፤ በሕይወት የሚኖር ፍጡር ከሚጣል ለአንድ ቤት ሥጋ ቢሆን ይሻላል። የሚያስቆጣኝ ስማቸው ተለውጦ በሌላ ዋጋ መሸጣቸው ነው። እውነተኞቹ የሥጋ ዶሮዎች፣ ኮብ 500 እና ሮስ 308 የሚባሉት፣ ላባቸው ነጭ በመሆኑ «ነጭ ጫጩት የሥጋ ዶሮ ነው» የሚል እምነት በገበያው ተስፋፍቷል። ሻጩ ወጣት ሆን ብሎ አታልሎዎት ይሁን ወይም እሱም በዚያው እምነት ተሸጦለት ይሁን፣ ገንዘቡ ከእርስዎ እጅ መውጣቱን አይለውጠውም።

እርስዎ ጋ ሚዛን መኖሩ ደስ አሰኝቶኛል፤ ከቀለም ይልቅ የማምነው እሱን ነው። እውነተኛ የሥጋ ዶሮ በተፈለፈለ ቀን 40 ግራም ያህል ይመዝናል። በሰባት ቀኑ ክብደቱ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። በሦስት ሳምንቱ፣ አያያዙ መካከለኛ ቢሆን እንኳ፣ 700 ግራም ይሞላል፤ በጥሩ አያያዝ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። በስድስት ሳምንቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። የእንቁላል ዝርያ ወንድ ግን በሦስት ሳምንቱ 200 ግራም ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ በገዙበት ቀን ምንም ባለሙያ ሳይጠራ ማወቅ ይቻል ነበር። የሦስት ሳምንት የሥጋ ዶሮ በአንድ መዳፍ ላይ አይቆምም፤ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ከበድ ያለ ፍጡር ነው። ጫጩቶቹ ሦስት ሳምንት ሞልቷቸው በመዳፍዎ ላይ ቆመው ከነበረ፣ መልሱ ያኔ እጅዎ ላይ ነበር። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ማንም ያልነገረዎትን ነገር አላወቁም ብዬ ልወቅስዎ አልችልም።

አሁን ደግሞ ከነጮቹ አንዱን ይያዙና በእጅዎ ይመርምሩት። ደረቱን ከላይ ወደ ታች በጣትዎ ይዳስሱ። በመካከል ያለው አጥንት እንደ ቢላዋ ጀርባ ሾሎ ከተሰማዎትና ሥጋው በግራና ቀኝ ሸርተት ያለ ከሆነ የእንቁላል ዝርያ ነው። በሥጋ ዶሮ ላይ ያ አጥንት በሥጋ ተውጧል፤ ደረቱ ሰፊና ክብ ስለሆነ አጥንቱን ለማግኘት ጫን ማለት ያስፈልጋል። ቀጥሎ መሬት ላይ አቁመውት ከፊት ለፊቱ ይመልከቱ። በሥጋ ዶሮ ሁለት እግሮች መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ቅልጥሙም ወፍራምና አጭር ነው። የእንቁላሉ ዝርያ እግሮቹ ይቀራረባሉ፤ ረጅምና ቀጭን ናቸው። ከዚያ ሆዱን ገልበጥ አድርገው ይዩት። የሥጋ ዶሮ ሥጋው ላባውን ስለሚቀድመው በአምስትና በስድስት ሳምንቱ ሆዱና ጎኑ ገና ራቁት ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎ ነጮች ግን ፎቶው ላይ ከአንገት እስከ ጅራት ለብሰው ይታያሉ።

አናታቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋም ልብ ይበሉ። የእንቁላል ዝርያ ወንዶች በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት አናታቸው ቀልቶና ጎልቶ መነሳት ይጀምራል፤ አንዳንዱማ ድምፁን እያጎረነነ ለመጮኽ ይሞክራል። ጠባያቸውም ሌላ ነው። በሩን ሲከፍቱ የሚበታተኑ፣ አጥር ላይ የሚወጡ፣ ለጥሬ የሚሯሯጡ ከሆኑ የሥጋ ዶሮዎች አይደሉም። የሥጋ ዶሮ በዚህ ዕድሜው በልቶ መኖው አጠገብ ይተኛል፤ ለመነሳትም ይከብደዋል። እርስዎ «ቆጥ ላይ እየወጡ አስቸገሩኝ» ብለው በደብዳቤዎ ጠርዝ ላይ የጻፏት ትንሽ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ረድታኛለች።

ወደ ቀዮቹ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቀይ ዶሮ ሁሉ አንድ አይደለም። ቀዮቹ የቦቫንስ ሴቶች ቢሆኑ ኖሮ «ለፋሲካ እርድ አያውሏቸው» እልዎ ነበር፤ አንዲት ቦቫንስ ጥሩ መኖ ካገኘች በዓመት 300 ያህል እንቁላል ስለምትጥል በአንድ ቀን ወጥ መጨረስ ኪሳራ ነው። የቦቫንስ ሴት በሰባት ሳምንቷ ግን ከ550 እስከ 600 ግራም ቢሆን ነው፤ ቀለሟም ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ከላባው ሥርና ጅራቷ ላይ ነጭ ይታይባታል። ከእርስዎ ቀዮች ግን አንድ ኪሎ ያለፉ አሉ፤ ቀለማቸው ጠቆር ያለ ቀይ፣ እግራቸው ወፍራምና ቢጫ ነው። በእኔ ግምት ሳሶ ናቸው። ሳሶ መነሻው ፈረንሳይ የሆነ፣ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆን ዝርያ ነው። በአገራችን በየወረዳው ያሉ አሳዳጊዎች ጫጩቱን በአንድ ቀኑ ተቀብለው፣ ለአንድ ወር ተኩል ወይም ለሁለት ወር አሙቀውና አስከትበው ለገበሬው ስለሚያከፋፍሉ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለው ሌላው ቀይ ዝርያ ደግሞ ጅራቱ ወደ አረንጓዴ በሚያንጸባርቅ ጥቁር ይለያል፤ እድገቱም ከሳሶ የዘገየ ነው።

ከቀዮቹ ሁለቱ አንገታቸው ላይ ላባ የላቸውም ብለው መጨነቅዎን አይቻለሁ። አይጨነቁ። አንገተ መላጣነት በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ ነው፤ በሐበሻውም ዶሮ በውጭውም ይገኛል፤ ስለዚህ ዝርያ አይለይበትም። ሌሎች ላባቸውን እየነቀሉባቸው ከሆነ ግን ቆዳው የቆሰለ ወይም ደም የቋጠረ ይሆናል።

አራቱ ገብስማዎች ኮይኮይክ ይመስሉኛል። ኮይኮይክ በደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም በተባለች ከተማ ባለ የግብርና ኮሌጅ የተገኘ ዝርያ ነው፤ ላባው ጥቁርና ነጭ መስመር በመስመር ነው። የእኛ አገር ገብስማም እንዲህ ሊመስል ስለሚችል ብዙ ሰው ይሳሳታል። መለያው ተመሳሳይነታቸው ነው። የሐበሻ ዶሮ ከአንዲት እናት ሥር ተፈልፍሎ እንኳ አንዱ ወሰራ፣ አንዱ ገብስማ፣ አንዱ ጥቁር ይሆናል፤ የአናቱ ሥጋም አንዱ ነጠላ፣ አንዱ ድርብ ነው። የእርስዎ አራቱ በአንድ እጅ የተሠሩ ይመስል መስመራቸው አንድ ዓይነት፣ የአናታቸው ሥጋ ሁሉም ነጠላ ነው። ከአራቱ ፈዘዝ ብለው ወደ ግራጫ ያደሉት ሁለቱ ወንዶች፣ ጠቆር ያሉት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ሴቶቹን ለእንቁላል ያስቀሩ።

የጎረቤትዎን ምክር በተመለከተ ልለምንዎ፦ ምንም ዓይነት «የእድገት መድኃኒት» አይስጧቸው። የሥጋ ዶሮ በስድስት ሳምንት የሚያድገው በመርፌ ወይም በሆርሞን አይደለም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ፈጥነው ያደጉትን እየመረጡ በማዳቀልና በተመጣጠነ መኖ የመጣ ነው። ከመድኃኒት ቤት በዱቄት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም መሰሉ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ነው። ላልታመመ ዶሮ መስጠት ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም። ቅሪቱ ሥጋው ውስጥ ይቆያል፤ የሚበሉት ደግሞ የልጅ ልጆችዎ ናቸው። ነገ በእውነት በሽታ ሲመጣም መድኃኒቱ አልሠራ ይላል። ኩሳቸው ደም ከተቀላቀለበት፣ ክንፋቸውን ጥለው ከቆሙ፣ አንገታቸው ከተጠማዘዘ ወይም መኖ ካቆሙ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። እውነተኛ የሥጋ ዶሮ ቢሸጥልዎት ኖሮ ምናልባት የዛሬው ደብዳቤዎ ከዚህ የባሰ ይሆን ነበር። በወጣትነቴ በጣርማ በር አካባቢ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ሳገለግል አንድ ማኅበር 100 የሥጋ ዶሮዎች አስመጥቶ ነበር። አራተኛው ሳምንት ላይ ከሁሉ የወፈሩት፣ እኛ የምንኮራባቸው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ አናታቸው ወደ ሰማያዊ ጠቁሮ፣ እያለከለኩ መሞት ጀመሩ። አንዱን ስንከፍተው ሆዱ ውስጥ ገለባ የመሰለ ቢጫ ውሃ ሞልቶ አገኘን። ተላላፊ በሽታ መስሎን ቤቱን ሁሉ አጥበን አጨስን፤ አልቆመም። ነገሩ ተላላፊ አልነበረም። ፈጥኖ የሚያድገው የሥጋ ዶሮ አካል ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ልብ ደምን ወደ ሳንባ ለመግፋት ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይደክማል፤ ፈሳሽ ወደ ሆድ ይፈስሳል። ብርዱ ደግሞ ያባብሰዋል። ያን ጊዜ ሴቶቹ የማኅበሩ አባላት የሬሳውን ጆንያ ተሸክመው ሲወጡ ያየሁትን ፊት አልረሳውም፤ በዚህ ዓምድ መጻፍ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃንና ጫጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ይላሉ። ሸዋ ሮቢት ወርደው ቢያረቡ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ይህ ችግር ብዙም አይገጥምዎትም፤ እዚያ ደግሞ ሙቀቱን መቋቋም ነው ፈተናው። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ከጣርማ በር በላይና በታች ያለው አርቢ አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጠው አይገባም። ለእርስዎ ደጋ እንደ ሳሶ ያለ ዘገም ብሎ የሚያድግ ዶሮ ይሻላል። ኮብ ወይም ሮስ ማርባት የሚፈልግ ደጋማ ሰው ካለ ደግሞ ቤቱን ማሞቅ፣ አየር ማስገባትና ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መኖውን በመጠኑ ቆጠብ አድርጎ እድገቱን ማዘግየት ይኖርበታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ዛሬውኑ ይለዩአቸው። ነጮቹ ለብቻ፣ ቀዮቹ ለብቻ ይሁኑ። አብረው ሲበሉ ከባዶቹ ሳሶዎች መኖውን ይሻማሉ፤ ቀልጣፎቹ ነጮች ደግሞ በውድ የገዙትን መኖ በልተው ሳይወፍሩበት በሩጫ ይጨርሱታል።

ውዱን የሥጋ ዶሮ መኖ ለነጮቹ ማብላቱን ያቁሙ። ያ መኖ ብዙ ፕሮቲን ያለው ለፈጣን እድገት ነው፤ የእነዚህ አካል ያን ያህል ቶሎ ሊጠቀምበት አልተፈጠረም። የታዳጊ ዶሮ መኖ፣ ፕሮቲኑ ከ15 እስከ 17 በመቶ የሆነ፣ ይበቃቸዋል። ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ከፈለጉ ከ100 ኪሎ ውስጥ 55 ኪሎ የተፈረከሰ በቆሎ ወይም ስንዴ፣ 20 ኪሎ ፉርሽካ፣ 22 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ያድርጉ። በቀሪው 3 ኪሎ ውስጥ ለመኖ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅልና ጨው ይግቡ። ጨው ከግማሽ ኪሎ አይብለጥ፤ ዶሮ በጨው ይሞታል። የኖራ ድንጋይ ስል ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ ማለቴ አይደለም። ገብስ በእርስዎ አካባቢ በደንብ ስለሚገኝ ከበቆሎው ሲሶውን ያህል በገብስ መተካት ይችላሉ። የጠላ አተላ ለመስጠት አስበው ከሆነ በደንብ አድርቀው፣ ሻጋታ አለመያዙን አይተው፣ በጥቂቱ ይሁን። አንዱን መኖ ከሌላው የሚለውጡት በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ውስጥ እያቀላቀሉ ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ግን ረከሰ ብለው አይግዙላቸው፤ ለእንቁላል ቅርፊት ተብሎ የተጨመረው ብዙ ካልሲየም የታዳጊ ዶሮን ኩላሊት ይጎዳል።

አሁን ስለ ፋሲካ። ቀዮቹ ይደርሱልዎታል። ለበዓሉ 11 ሳምንት ይሞላቸዋል፤ ባላቸው ላይ በደንብ ከበሉ አንድ ኪሎ ተኩል አልፈው ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋሉ። ከእነሱ መካከል ወንዶቹን ይሽጡ፤ አናታቸው የጎላና የቀላ፣ እግራቸው የወፈረው ናቸው። የደብረ ብርሃን ገበያተኛም ለበዓል ቀይ አውራ እንደሚወድ ያውቁታል። የሳሶ ሴቶቹን ገንዘቡ ካላስቸገረዎት ለእንቁላል ያቆዩአቸው።

ነጮቹን ለፋሲካ ማድረስ አይቻልም። ያን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይዘልሉም፤ በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ወንድ ዶሮ ይዞ ስለሚወጣ ትንሽ ነጭ ዶሮ በርካሽ ይቀራል። ነገር ግን የእኛ የሥጋ ገበያ በፋሲካ ዕለት አያበቃም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው። አብዛኛው ሻጭ ያለውን በፋሲካ አውጥቶ ስለሚጨርስ ከዚያ በኋላ ገበያው ላይ የሚቀርበው ዶሮ ይቀንሳል። የእርስዎ ነጮች በበዓለ ኀምሳ መጨረሻ 18 ሳምንት ይሆናቸዋል፤ በመካከሉ፣ በ15ኛውና በ16ኛው ሳምንት፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ይገባሉ። ጾመ ሐዋርያት ከመግባቱ በፊት ይጨርሷቸው እንጂ ወደ እንቁጣጣሽ አይጎትቷቸው፤ ያኔ የሚበሉት መኖ ከሚጨምሩት ሥጋ ይበልጣል፤ እርስ በርስም መዋጋት ይጀምራሉ።

ይህ ያዋጣል ወይ የሚለውን በራስዎ ብዕር ያስሉት። አንድ ነጭ ዶሮ ከዛሬ ጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው አራት ኪሎ ተኩል ያህል መኖ ይበላል። የኩንታሉን ዋጋ ለ100 አካፍለው በአራት ተኩል ያብዙት፤ በዚያ ላይ ለክትባትና ለጉዝጓዝ ትንሽ ይጨምሩ። የተገኘው ቁጥር ዛሬ በሚሸጥበትና ያን ጊዜ በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ካነሰ ያቆዩአቸው። ከበለጠ ግማሾቹን አሁኑኑ ለሚያረባ ጎረቤት ይሽጡ፤ ግቢው ሰፊ ከሆነና ቀን ቀን እየጫሩ ከዋሉ የመኖው ወጪ ስለሚቀንስ ስሌቱ ይለወጣል።

ሲሸጡ እውነቱን ይናገሩ፤ «የእንቁላል ዝርያ አውራ ነው፣ አራት ወሩ ነው» ይበሉ። ይህ ዶሮ የሚያሳፍር አይደለም። የስድስት ሳምንት የሥጋ ዶሮ በቁሌት ውስጥ ሲቆይ ሥጋው ከአጥንቱ ይለቅቃል፤ 12 ብልት ሆኖ ለእንግዳ ሊቀርብ ሲል ይበታተናል። የአራት ወር አውራ ግን ጸንቶ ይበስላል፤ ጣዕሙም ወደ ሐበሻው ይጠጋል። ይህን የሚያውቅ የቤት እመቤት ገዢ አያጡም።

ሁለት ነገሮች ሳልነግርዎ አላልፍም። የፈንግል ክትባት መውሰዳቸውን ሻጩ በጽሑፍ ካልሰጠዎት እንዳልተከተቡ ይቁጠሩና በቀበሌዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሁን ያነጋግሩ፤ በበዓል ሰሞን ዶሮ ከቦታ ቦታ ስለሚዘዋወር ፈንግል አብሮ ይዘዋወራል። ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ ካለም ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ሌላው የሞቱት ሦስቱ ናቸው። የሦስት ሳምንት ጫጩት በእርስዎ አገር ሌሊት ያለ ሙቀት አያድርም። በመጀመሪያው ሳምንት 33 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ እየተቀነሰ ላባው እስኪሸፍነው ይኬዳል። ዲግሪ መለኪያ ባይኖርዎት ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦ ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ በዝቶባቸዋል፤ ተበታትነው ከተኙ ተስማምቷቸዋል። በዙሪያው ድርቆሽ የተጠቀጠቀበት ሳጥን በራሳቸው ሙቀት ያቆያቸዋል፤ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ከሰል የሚጠቀሙ ከሆነ በተዘጋ ቤት አይሁን፤ የሚወጣው ጋዝ እርስዎንም ይገድላል።

በሚቀጥለው ጊዜ ከመኪና ላይ አይግዙ። ከየትኛው ማስፈልፈያ እንደመጡ፣ የተፈለፈሉበትን ቀን፣ ዝርያቸውን፣ የወሰዱትን ክትባት የሚገልጽ ወረቀት የሚሰጥ ሻጭ ይምረጡ። «ሴትና ወንድ የተለዩ ናቸው ወይስ የተደባለቁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ርካሽ ሆነው ሁሉም ነጭ ከሆኑና «ሁሉም ወንድ ናቸው» ከተባሉ ምን እንደሆኑ አሁን ያውቃሉ። ሚዛኑንም ይዘው ይሂዱ።

እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ መኖ ሳይቀምሱ፣ ከነጮቹ አምስት ከቀዮቹ አምስት እግራቸው ላይ ክር አስረው ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉልኝ። በሳምንቱ ያንኑ አሥሩን እንደገና ይመዝኑ። የሁለቱን ሳምንት ቁጥር ሳይ የትኞቹን ለፋሲካ እንደሚያወጡና የትኞቹን እንደሚያቆዩ ዶሮ በዶሮ አብረን እንወስናለን።